የተከፈለ ዋጋና ያልመጣ ዕቃ



የንግድ ታሪክ በተጻፈ ቍጥር ስለ መርከብና ስለ ግመል፣ ስለ ወርቅና ስለ ቅመም፣ ስለ ወደብና ስለ ቀረጥ ብዙ ይነገራል። ነገር ግን ከነዚህ ሁሉ የማያንስ፣ የሰውንም ጠባይ ይበልጥ የሚገልጥ አንድ ጕዳይ አለ፤ እርሱም ዋጋውን አስቀድሞ ከፍሎ ዕቃው የዘገየበት ወይም ጨርሶ የቀረበት ሰው ገንዘቡን ለማስመለስ የሚያደርገው ክርክር ነው። በመሥሪያ ቤት የግዥን ሥራ የሚያካሂድ፣ ለቤቱ አልጋና ቁም ሣጥን ከአናጢ ያዘዘ፣ ለልጁ ሠርግ ልብስ ለሰፊ የሰጠ ሁሉ ይህን ጕዳይ ያውቀዋል። ቀኑ ይደርሳል፤ ዕቃው አይደርስም። ሻጩ «ነገ» ይላል፤ ነገ ሲመጣ «ከነገ ወዲያ» ይላል። በመጨረሻም ገዢው «እንግዲያስ ገንዘቤን መልስልኝ» ያለ እንደ ሆነ ነገሩ ከንግድ ወደ ሙግት ይለወጣል።

በዛሬው ንግግራችን ይህ ጥያቄ ከየት ተነሥቶ፣ በምን መንገድ አልፎ ወደ እኛ ሕግ እንደ ገባ በአጭሩ እንመለከታለን። የውጭ አገሩን ዘመን በኤውሮጳውያን አቈጣጠር፣ የአገራችንን ግን በራሳችን አቈጣጠር የምጠቅስ መሆኔን አድማጮች እንዲያስታውሱልኝ እለምናለሁ።

ጥያቄው ምን ያህል የቈየ እንደ ሆነ የሚመሰክር አንድ የሸክላ ጽሑፍ በለንደን ከተማ በብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛል። የተገኘው ዛሬ ኢራቅ በሚባለው አገር በደቡብ በኩል፣ ጥንት ዑር ትባል በነበረችው ከተማ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1750 ገደማ ናኒ የተባለ ሰው ኤአ ናሲር ለተባለ የመዳብ ነጋዴ የጻፈው የአቤቱታ ደብዳቤ ነው። ኤአ ናሲር ከዲልሙን፣ ማለት ዛሬ ባሕሬን ከምትባለው ደሴት፣ መዳብ እያስመጣ የሚሸጥ ሰው ነበረ። ናኒ በዚህ ደብዳቤ ጥሩ መዳብ እንዲሰጠው ቃል ተገብቶለት ሳለ ለመልክተኛው የቀረበለት የማይረባ መዳብ መሆኑን፣ ነጋዴውም መውሰዱንና መተዉን ለእነርሱ ትቶ በንቀት እንዳሰናበታቸው ይገልጣል። ገንዘቡን እንዲያመጡ የላካቸውም ሰዎች የጠላትን አገር አቋርጠው ሄደው ባዶ እጃቸውን መመለሳቸውን ዘርዝሮ፣ ገንዘቡ በሙሉ እንዲመለስለት አጥብቆ ይጠይቃል። ከእንግዲህ ወዲያም መዳቡን በገዛ ግቢው አንድ በአንድ እየመረጠ እንደሚቀበል፣ የማይረባውንም የመመለስ መብት እንዳለው ያስታውቃል። ለዚሁ ነጋዴ ከተጻፉት ሌሎች የሸክላ ደብዳቤዎች መካከል የታዘዘው መዳብ እስከዚያ ቀን አለመድረሱን የሚያመለክት ይገኛል።

እንግዲህ ልብ እንበል፤ ከሦስት ሺሕ ሰባት መቶ ዓመት በፊት የነበረው ገዢ ያቀረባቸው ነጥቦች ዛሬ በአንድ መሥሪያ ቤት የግዥ ክፍል ከሚጻፈው ደብዳቤ የሚለዩ አይደሉም። ቃል ተገብቶ ነበር፤ ቃሉ አልተፈጸመም፤ ሰው ልከን ጠየቅን፤ መልስ አጣን፤ ስለዚህ ገንዘባችን ይመለስ። የተለወጠው የጸሓፊው ብዕርና ወረቀት ብቻ ነው።

ከዚህ በኋላ ሰዎች አንድ መድኀኒት አገኙ፤ ይኸውም ቀብድ ነው። በኦሪት ዘፍጥረት በምዕራፍ 38 ይሁዳ የፍየል ጠቦት እስኪልክ ድረስ ማኅተሙንና በትሩን መያዣ አድርጎ መስጠቱ ተጽፏል፤ የዕብራይስጡ ጽሑፍ ይህን መያዣ «ዔራቦን» ይለዋል። ይህ ቃል ከነጋዴ ጋር ከወደብ ወደ ወደብ ተጕዞ ግሪኮች «አራቦን»፣ ሮማውያን «አራ» ብለውታል፤ ዐረቦችም «ዐርቡን» ይሉታል። ወደ ግእዝም «ዐረቦን» ተብሎ ገብቷል። ዛሬ ለመድን ድርጅት የምንከፍለውን ገንዘብ አረቦን ስንል የዚያን የጥንት ነጋዴ ቃል በአፋችን እየያዝን መሆናችንን ብዙዎቻችን አናስተውለውም። ቃሉ ከአገር ወደ አገር ሲዘዋወር አሳቡን ይዞ ሄደ፤ አሳቡም ተዋዋዮች ከቃላቸው በላይ አንድ የሚጨበጥ ነገር በመካከላቸው ያስቀምጡ የሚል ነው።

የቀብድን ነገር በሕግ መልክ በግልጽ ከደነገጉት አንዱ የቍስጥንጥንያው ንጉሠ ነገሥት ዩስጢንያኖስ ነው። እርሱ በ533 ዓመተ ምሕረት ባወጣው፣ ለሕግ ተማሪዎች መማሪያ በሆነው መጽሐፍ ውስጥ ስለ ሽያጭ ሲደነግግ፣ ቀብድ የሰጠው ገዢ ውሉን እምቢ ያለ እንደ ሆነ ቀብዱን ያጣል፤ ቀብድ የተቀበለው ሻጭ እምቢ ያለ እንደ ሆነ ግን የተቀበለውን እጥፍ አድርጎ ይመልሳል አለ። በዚህ ፍርድ ውስጥ ያለው ሚዛን የሚያስደንቅ ነው። ሁለቱም ወገኖች እኩል ይቀጣሉ፤ ገዢው የሰጠውን ያጣል፤ ሻጩም ያንኑ የሚያህል ከኪሱ ይጨምራል። ከአንደኛው ወገን ሌላው የሚፈራው ነገር ከሌለ ውል ውል ሊባል እንደማይችል ሮማውያን ዐውቀውት ነበር።

ነገር ግን ይህ ሕግ የሚናገረው በፈቃዱ እምቢ ስላለ ሰው ነው። ሻጩም ሳያታልል፣ ገዢውም ሳያጠፋ፣ ከሁለቱም በላይ የሆነ ነገር መጥቶ ሥራውን ቢያፈርሰውስ? የተከፈለው ገንዘብ የማን ነው? ይህ ከሁሉ የከበደው ጥያቄ ነው፤ የእንግሊዝ ዳኞች በዚህ ጥያቄ ላይ ዐርባ ዓመት ያህል የደከሙበትን ታሪክ ቀጥለን እንመልከት።

በ1902 ዓመተ ምሕረት የእንግሊዝ ንጉሥ ኤድዋርድ ሰባተኛ ዘውድ የሚጭኑበት በዓል ሰኔ ወር በገባ በ26ኛው ቀን እንዲከበር ተወስኖ ነበር። በዓሉ የዓለምን መልክተኞች ሁሉ የሚሰበስብ ስለ ነበረ ከአገራችንም ልዑል ራስ መኰንን የዳግማዊ ምኒልክ እንደራሴ ሆነው የተላኩት ለዚሁ በዓል ነው። ንጉሡ በሚያልፉበት መንገድ ዳር ቤት ያላቸው የለንደን ሰዎች መስኮታቸውንና ሰገነታቸውን ለተመልካች በውድ ዋጋ አከራዩ። ይሁን እንጂ በዓሉ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ በ24 ሰኔ፣ ንጉሡ በትርፍ አንጀት ሕመም ምክንያት በሐኪም ቢላዋ ተቀደዱ፤ በዓሉም ተላለፈ። ዘውዱ የተጫነው በ9 ነሐሴ ነው። ነገር ግን ለሰኔው ቀን የተከራዩት መስኮቶች ባዶ መንገድ የሚያሳዩ ሆነው ቀሩ።

ከነዚህ ተከራዮች አንዱ ሄንሪ ይባላል። ፓል ማል በተባለው መንገድ ላይ ያለ ቤት በ75 ፓውንድ ተከራይቶ 25ቱን አስቀድሞ ከፍሎ ነበር። አከራዩ ክሬል የቀረውን 50 ፓውንድ ቢጠይቀው፣ የይግባኙ ፍርድ ቤት በ1903 የውሉ መሠረት የሆነው የንጉሡ ጕዞ ስለ ቀረ ሄንሪ የቀረውን ሊከፍል አይገባውም ሲል ፈረደ። በዚያው መንገድ ቦታ የተከራየው ሌላው ሰው ቻንድለር ግን ሌላ ዕድል ገጠመው። ዋጋው 141 ፓውንድ ከ15 ሺልንግ ነበረ፤ 100 ፓውንዱን ከፍሏል። ገንዘቤ ይመለስልኝ ብሎ ቢከስ ዳኞቹ በ1904 የከፈልከው አይመለስም፤ እንዲያውም የመክፈያው ጊዜ በዓሉ ከመቅረቱ በፊት የደረሰ ስለ ነበረ የቀረውን 41 ፓውንድ ከ15 ሺልንግ ጨምረህ ክፈል አሉት። ምክንያታቸውም ውሉ የሚፈርሰው ነገሩ ከሆነበት ሰዓት ጀምሮ ነው እንጂ ወደ ኋላ ተመልሶ አይደለም፤ ከዚያ በፊት የተደረገው እንደ ተደረገ ይቀራል የሚል ነው።

አድማጮች ፍርዱን ይመዝኑት። ሁለት ሰዎች በአንድ መንገድ፣ ለአንድ በዓል፣ በአንድ ምክንያት ዕድላቸው ተበላሸ። አንዱ የቀረውን ከመክፈል ዳነ፤ ሌላው ላላየው ነገር ሙሉውን ዋጋ ከፈለ። ልዩነቱ የመክፈያው ቀን ብቻ ነበረ። በዚህ ፍርድ መሠረት ቶሎ የከፈለ ይቀጣል፤ ያዘገየ ይጠቀማል። ይህም ሆኖ የቻንድለር ፍርድ ሳይሻር ሠላሳ ስምንት ዓመት ያህል ቈየ፤ የሻረውም ከለንደን መስኮት እጅግ የራቀ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መግቢያ ላይ የተነሣ የፋብሪካ ዕቃ ትእዛዝ ነው።

በሐምሌ ወር 1939፣ በ12ኛው ቀን፣ ፊብሮዛ የተባለ የፖላንድ ኩባንያ በእንግሊዝ አገር በሊድስ ከተማ ከሚገኘው ፌርቤርን ሎሰን ከተባለው የመኪና ፋብሪካ ጋር ውል ተዋዋለ። ፊብሮዛ የሚሠራበት ከተማ ቪልና በዚያን ጊዜ በፖላንድ ግዛት ነበረች፤ ዛሬ ቪልኒየስ ተብላ የሊቱዌኒያ ዋና ከተማ ናት። የታዘዙት የተልባን ቃጫ የሚያበጥሩ መኪናዎች ናቸው፤ ዋጋቸው 4,800 ፓውንድ ሲሆን ግዲኒያ እስከ ተባለው የፖላንድ ወደብ ድረስ ተጭነው እንዲደርሱ ተስማሙ። ከዋጋው ሢሶው፣ ማለት 1,600 ፓውንድ፣ ከትእዛዙ ጋር መከፈል ነበረበት፤ ፊብሮዛ ግን በ18 ሐምሌ 1,000 ፓውንድ ከፈለ። መኪናዎቹ የሚደርሱት ዝርዝሩ ተወስኖ ካለቀ በኋላ ከሦስት እስከ አራት ወር ባለው ጊዜ ነው ተባለ።

ያ ጊዜ አልደረሰም። መስከረም 1 ቀን 1939 የጀርመን ጦር ፖላንድን ወረረ፤ በ3ኛውም ቀን እንግሊዝ በጀርመን ላይ ጦርነት ዐወጀች፤ ግዲኒያም በዚያው ወር በጀርመን እጅ ወደቀች። በ7 መስከረም የፊብሮዛ ወኪል ለፋብሪካው ጽፎ፣ መኪናዎቹ ወደ ፖላንድ ሊደርሱ የማይችሉ ስለ ሆነ የተከፈለው 1,000 ፓውንድ እንዲመለስ ጠየቀ። ፋብሪካው በማግስቱ እምቢታውን ገለጠ፤ ብዙ ሥራ ሠርተናልና አንመልስም አለ። ከሳሽ በመጀመሪያው ፍርድ ቤት ተረታ፤ በይግባኙም ተረታ። የሁለቱም ፍርድ ቤቶች መሠረት ያ የቻንድለር ፍርድ ነበረ።

ነገሩ በመጨረሻ ወደ እንግሊዝ የጌቶች ምክር ቤት ደረሰ። ፋብሪካው በውሉ ውስጥ ጦርነት ወይም የሠራተኞች አድማ ወይም ቃጠሎ ቢያግደው ተጨማሪ ጊዜ እንዲሰጠው የሚል አንቀጽ ነበረውና ያንኑ ጠቀሰ። ጌቶቹ ግን ያ አንቀጽ ለአጭር መዘግየት የተጻፈ ነው እንጂ መጨረሻው ለማይታወቅ መቋረጥ አይሆንም አሉ። በሰኔ ወር 1942፣ በ15ኛው ቀን፣ በሎርድ ሳይመን የሚመሩት ሰባት ዳኞች የቻንድለርን ፍርድ ሽረው 1,000 ፓውንዱ ለፊብሮዛ እንዲመለስ ፈረዱ። ምክንያታቸው ቀላልና ግልጽ ነው፤ ገንዘቡ የተከፈለው መኪናዎቹ እንዲመጡ ነው፤ ከመኪናዎቹ አንድም ስንኳ አልመጣም፤ ገዢው በምላሹ ምንም ነገር ያላገኘበትን ገንዘብ ሻጩ ሊያስቀረው አይገባም። ዋጋ ስጦታ አይደለምና።

ይሁን እንጂ ነገሩን በሌላው ወገን ሆነን ብናየው ሌላ ችግር ይታየናል። የሊድሱ ፋብሪካ ብረት ገዝቷል፤ ለሠራተኞቹ ደመወዝ ከፍሏል፤ መኪናዎቹ ለአንድ ገዢ ተብለው የሚሠሩ ነበሩ። ጦርነቱንም እርሱ አላመጣውም። ገንዘቡን በሙሉ መልስ ሲባል የድካሙ ዋጋ በእርሱ ላይ ወደቀ። ሎርድ ሳይመን ራሳቸው ይህን ጕድለት አልሸሸጉትም። ስለዚህ የእንግሊዝ ፓርላማ በሚከተለው ዓመት፣ በ1943፣ አዲስ ሕግ አወጣ። በዚህ ሕግ መሠረት ከሁለቱም ዐቅም በላይ በሆነ ምክንያት ውል ሲፈርስ የተከፈለው ይመለሳል፤ ነገር ግን ተቀባዩ ለሥራው ወጪ አድርጎ እንደ ሆነ ፍርድ ቤቱ ተገቢ መስሎ የታየውን ያህል እንዲያስቀር ሊፈቅድለት ይችላል። ከመስኮት ኪራይ የተነሣው ክርክር ወደዚህ ሚዛን ለመድረስ 41 ዓመት ፈጀበት።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ረኔ ዳቪድ ያረቀቀው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በ1952 ዓ.ም. ታውጆ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ የጸና ሲሆን፣ ስለ ውል የሚናገረው ክፍሉ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። በዚህ ሕግ ውስጥ ከላይ የቈጠርነው ረጅም ታሪክ ሁሉ በጥቂት ቍጥሮች ተጠቃሎ ይገኛል።

በመጀመሪያ ቀብድን እንይ። ቍጥር 1883 ቀብድ መሰጠቱ ውል ለመደረጉ ማስረጃ ነው ይላል። ቍጥር 1884 ውሉ ሲፈጸም ቀብዱ ይመለሳል ወይም ከዋጋው ላይ ይታሰባል ይላል። ቍጥር 1885 ደግሞ ተዋዋዮቹ ሌላ ስምምነት ካላደረጉ በቀር፣ ቀብድ ሰጪው ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፤ ቀብድ ተቀባዩ ቢያፈርስ ግን የተቀበለውን እጥፍ አድርጎ ይከፍላል ይላል። ዩስጢንያኖስ በቍስጥንጥንያ የደነገገው ሚዛን ይህ ነው። ዛሬ አንድ ቤት ሻጭ ቀብድ ተቀብሎ ሌላ የሚበልጥ ዋጋ ሲያገኝ አሳቡን ቢለውጥ፣ ገዢው እጥፉን የሚጠይቀው በዚህ በቈየ ሥርዓት ነው።

ሁለተኛው ነገር ማስጠንቀቂያ ነው። በቍጥር 1772 መሠረት ውሉ አልተፈጸመልኝም የሚል ሰው አስቀድሞ ባለዕዳው ግዴታውን እንዲፈጽም ማስጠንቀቅ ይገባዋል። በርግጥ ዕቃው ለተወሰነ ቀን ብቻ የሚጠቅም ሆኖ ቀኑ ያለፈ እንደ ሆነ ማስጠንቀቂያ አያስፈልግም፤ የሠርግ ልብስ ከሠርጉ በኋላ ቢመጣ ማንንም አይጠቅምምና። ከዚህ በቀር ግን ዝም ብሎ የተቀመጠ ገዢ መዘግየቱን እንደ ፈቀደ ሊቈጠርበት ይችላል። ናኒ ለኤአ ናሲር ደብዳቤ መጻፉ ከንቱ አልነበረም።

ሦስተኛው ከዐቅም በላይ የሆነ ኀይል የሚባለው ነው። ቍጥር 1792 እና ተከታዩ ባለዕዳው ሊያስበው ያልቻለውንና ፈጽሞ የሚያግደውን ነገር፣ ለምሳሌ ጦርነትን ወይም የተፈጥሮ መቅሠፍትን፣ ከካሣ ነጻ የሚያወጣ ምክንያት አድርገው ይቈጥሩታል። ቍጥር 1794 ግን ለሥራው የሚያስፈልገው ጥሬ ዕቃ ዋጋ መጨመሩ ወይም በባለዕዳው ፋብሪካ ውስጥ የሥራ ማቆም አድማ መነሣቱ እንዲህ ያለ ምክንያት እንደማይሆን ይገልጣል። «ብረት ተወደደብኝ» የሚለው ሻጭ ይህን ቍጥር ማንበብ ይገባዋል።

በመጨረሻም ቍጥር 1815 ውል በተሰረዘ ጊዜ ተዋዋዮቹ በተቻለ መጠን ውሉ ባይደረግ ኖሮ ይሆኑበት ወደ ነበረው ሁኔታ እንዲመለሱ ያዛል። ይህ ቍጥር የፊብሮዛን ክርክር በአንድ ዐረፍተ ነገር የሚመልስ ነው። ከዐቅም በላይ የሆነ ኀይል ሻጩን ካሣ ከመክፈል ያድነዋል፤ ነገር ግን ለማያስረክበው ዕቃ የተቀበለውን ዋጋ የራሱ ንብረት አያደርግለትም። ካሣ ሌላ ነው፤ የተከፈለ ዋጋ ሌላ ነው። በየመሥሪያ ቤቱ የሚነሣው ክርክር ብዙውን ጊዜ የሚረዝመው እነዚህ ሁለቱ ስለሚቀላቀሉ ነው፤ ሻጩ «ጥፋት የለብኝም» ሲል ገንዘቡን የመመለስ ግዴታ የሌለበት ይመስለዋል፤ ገዢውም ጥፋት ለማግኘት ሲደክም በእጁ ያለውን ቀላሉን መብት ይረሳዋል።

ክቡራን አድማጮች፤ ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ይዘን ብንሄድ የሚበቃን ይመስለኛል። አንደኛው፣ ያላስረከበውን ነገር ዋጋ የያዘ ሰው የያዘው የሌላውን ሰው ገንዘብ ነው፤ ዳኞች ይህን ለመናገር ብዙ ዘመን ቢፈጅባቸውም እውነቱ ግን በዑር ከተማም የታወቀ ነበረ። ሁለተኛው፣ የሌላውን ወገን ድካም የማይቈጥር ፍርድ ሙሉ ፍርድ አይደለም፤ ትእዛዙን በራሱ ፈቃድ የሚሰርዝ ገዢ የአናጢው ጣውላ ተቈርጦ እንደ ሆነ ማሰብ ይገባዋል።

ስለዚህ ገንዘብ ከኪስ ከመውጣቱ በፊት ብዕር ከኪስ ይውጣ። የሚከፈለው ቀብድ ነው ወይስ የዋጋው ከፊል? ዕቃው የሚደርሰው በየትኛው ቀን ነው? ከዚያ ቀን ቢያልፍ በስንት ቀን ውስጥ ገንዘቡ ይመለሳል? ሥራው ተጀምሮ ትእዛዙ ቢሰረዝ ወጪውን ማን ይችላል? እነዚህ አራት ጥያቄዎች በአንድ ገጽ ላይ ተጽፈው በሁለት ፊርማ ቢዘጉ ብዙ የፍርድ ቤት ደጅ ጥናት ይቀራል። አባቶቻችን ካፍ ከወጣ አፋፍ ብለዋል፤ በአፍ ብቻ የተነገረ የርክክብ ቀንም እንዲሁ ተመልሶ አይያዝም። በወረቀት የሰፈረ ቀን ግን ለገዢውም ለሻጩም ምስክር ሆኖ ይኖራል።